«ለጨዋታ ነው» ለሚሉን ስኒ ገልባጮችና ካርታ ዘርጊዎች

ይድረስ በየብሎኩ ስኒ ለምትገለብጡ፣ ካርታ ለምትዘረጉ፣ የሰውን ስም ከእናቱ ስም ጋር ደምራችሁ ኮከብ ለምታወጡ እህቶችና ወንድሞች።

ስማችሁን አልጠራም። በካኩማ እንኳን ስም የጎረቤት ሳል ይታወቃል፤ መጥራቱ ትርፍ የለውም። ደግሞም ሙግቴ ከነባሮቹ ጋር አይደለም። ከባለዛሩና ከጠጠር ጣዩ ጋር ቄሱም ሼሁም እኔ ሳልወለድ ጀምረው ሲሟገቱ ኖረዋል፤ ሥራቸውን አልሻማም። የኔ ሙግት ከእናንተ ከአዲሶቹ ጋር ነው፤ ጥበቡን ከስልክ ለቃቅማችሁ፣ ካርታውን ፎቶ ኮፒ አስነስታችሁ በካርቶን ላይ ለጥፋችሁ፣ ከቡና በኋላ «እስቲ ስኒሽን ገልብጪው» ከምትሉት ጋር። ስትጠየቁ መልሳችሁ አንድ ነው፤ «ሳንቲም አንቀበልም፣ ለጨዋታ ነው።»

እኔ የምለው ደግሞ፣ ነገሩን ያከፋው ይኸው ሳንቲም አለመቀበላችሁ ነው።

ከፍሎ ወደ ጠንቋይ የሚሄድ ሰው አስቦበት ይሄዳል። ገንዘቡን ከመቀነቱ ሲፈታ እጁ ይከብደዋል። ቃሉን በጥርጣሬ ይሰማል፤ ያልሆነ እንደሆነም «በላኝ» ብሎ ይሳደባል፣ ለሌላውም ይናገራል። እናንተ ጋ የሚመጣው ግን ሊጠይቅ አልመጣም፤ ቡና ሊጠጣ ነው የመጣው። አቦሉን፣ ቶናውን አልፎ በረካው ላይ ሲደርስ ስኒው ተገልብጦ ይጠብቀዋል። ቃሉን የሚነግረው ደግሞ ልጁ ሲታመም አብሮት ክሊኒክ ያደረ፣ ጨውና ዘይት ያበደረው ሰው ነው። የባዕድ ቃል በር ላይ ይቀራል፤ የወዳጅ ቃል አብሮ ይተኛል። ያልሆነ ጊዜስ ማን ይጠየቃል? «ለጨዋታ ነው ብያለሁ እኮ!» ትላላችሁ። እንግዲህ ቃላችሁ ሲደርስ ጥበብ፣ ሲቀር ጨዋታ ሆነ ማለት ነው። እንዲህ ያለ ሚዛን በየትኛው ገበያ ይሠራል?

ስኒው ውስጥ ምን እንደምታዩ እናውቃለን። አተላው ሲወርድ መንገድ ይመስላል፤ ምን ያድርግ፣ የሚወርድ ፈሳሽ ሁሉ መንገድ ይሠራል። የቀረውን የምታነቡት ከስኒው ሳይሆን ከሰውዬው ነው። በዚህ ካምፕ ሰው የሚጠብቀው አራት ነገር ነው፤ የኢንተርቪው ጥሪ፣ ከአገር ቤት ስልክ፣ ከዘመድ ገንዘብ፣ የራሽን ቀን። ስለዚህ «ስልክ ይደወልልሻል» ያለ ሰው መቼ ተሳስቶ ያውቃል? «ወረቀት አያለሁ» ያለስ? ስደተኛ ከወረቀት ሌላ ምን አለውና!

ይህን ነገር እ.ኤ.አ. በ1948 በርትራም ፎረር የሚባል አሜሪካዊ የሥነ ልቦና መምህር በተማሪዎቹ ላይ ሞክሮታል። 39 ተማሪዎች ስለ ጠባያቸው መጠይቅ ሞሉ፤ ከቀናት በኋላ ለእያንዳንዳቸው «ያንተ ጠባይ ይህ ነው» የሚል ጽሑፍ ታደላቸው። ምን ያህል ይገልጽሃል ተብለው ከ5 ነጥብ እንዲሰጡ ሲጠየቁ አማካዩ ከ4 በላይ ሆነ። ለካስ ለሁሉም የታደለው አንድ ዓይነት ጽሑፍ ኖሯል! ዓረፍተ ነገሮቹንም መምህሩ የለቃቀማቸው ጋዜጣ መሸጫ ላይ ከሚገኝ የኮከብ መጽሐፍ ነበር። እነዚያ ተማሪዎች ሞኞች አልነበሩም። ሰው ስለራሱ ሲነገረው የሚስማማውን ይይዛል፣ የማይስማማውን ያሳልፋል፤ ሁላችንም እንዲሁ ነን። በዚህ ላይ ስድስት ዓመት፣ አሥር ዓመት የጠበቀ ሰው ሲሆንማ አየሩንም ይይዛል።

ጨዋታው ስልክና ወረቀት ላይ ቢያቆም ኖሮ ይህን ሁሉ ቀለም ባላጠፋሁ። ነገር ግን ስኒ ሁልጊዜ ጠላት ይፈልጋል፤ ደህና ነገር ብቻ የሚያወራ ስኒ አይጥምማ። «ከቅርብሽ የምትቀናብሽ አለች፤ አጠር ያለች፣ ቀይ ዳማ፣ ፊት ለፊት ስቃ ከኋላ የምትወጋሽ።» አጠር ያለች ቀይ ዳማ ሴት በዚህ ብሎክ ስንት አለች? ቧንቧው ላይ ጀሪካን ይዞ ከቆመው ሰልፍ ግማሹ ነው። የሰማችው ግን አንዷን መርጣ ትይዛለች፤ የምትመርጠውም በአንድ ግድግዳ የምትዋሰናትን ነው፤ «ከቅርብሽ» ተብላለችና። አንድ ምጣድ ሲጋሩ የኖሩ፣ አንዷ ስትወልድ ሌላዋ ገንፎ ያገነፋችላት ሁለት ጎረቤታሞች ዛሬ የእግዜር ሰላምታ የላቸውም። ሽማግሌ ገብቶ ምክንያት ቢፈልግ አጣ። ምክንያቱ ታጥቦ ረከቦት ላይ ተደፍቷል።

ወደ ኮከቡ ልለፍ። አንዳንዶቻችሁ ስኒውን ንቃችሁ «የኛ ሒሳብ ነው» ትላላችሁ። ዐውደ ነገሥትን የሚከተሉት የሰውየውንና የእናቱን ስም በፊደላቱ ቁጥር ደምረው በ12 ይገድፋሉ፤ የተረፈው ቁጥር ኮከቡን ይሰጣል፤ ሐመል፣ ሠውር፣ ገውዝ፣ ሸርጣን እያለ እስከ ሑት ይወርዳል። እግረ መንገዴን ልንገራችሁ፣ እነዚህ ስሞች ራሳቸው ስደተኞች ናቸው፤ ከዐረብኛ ነው የመጡት። ዐረቦቹም 12ቱን ክፍል ከግሪኮች፣ ግሪኮቹም ከባቢሎን ወርሰውታል።

ጥሩ፤ ሒሳብ ነው እንበል። ታዲያ የሚገደፈው የትኛው ስም ነው? የክርስትና ስም፣ የቤት ስም፣ ወይስ የፋይሉ ስም? ከመካከላችን ድንበሩን ሲሻገር ስሙን እዚያው ጥሎ የመጣ የለም እንዴ? ስሙን በፈረንጅ ፊደል ጽፎ፣ የአባቱን ስም ከአያቱ ጋር አጣብቆ ያወጣለት መዝጋቢስ? ከዚያም ሀሌታው ሀ እና ሐመሩ ሐ ቁጥራቸው ይለያያል ስትሉን እንሰማለን። ኃይሉ የሚባል ወዳጄ ስሙን በሦስቱም ሀ ሲጽፍ አይቼዋለሁ። እንደ ሒሳባችሁ ከሆነ ይህ ሰው ብዕር ባነሳ ቁጥር ዕድሉ ይዞርበታል ማለት ነው!

ስልኩ ደግሞ ስም አይጠይቅም፤ የተወለድክበትን ቀን፣ ሰዓትና ቦታ ነው የሚጠይቀው። ይህ ስደተኛ ላይ ሲደርስ ሳቅ ነው። በምዝገባ ጊዜ ልደቱን ለይቶ ያላወቀ ሰው ብዙ ጊዜ ጃንዋሪ 1 ተብሎ ይሞላለታል። መታወቂያችሁን አውጡና ከጎረቤታችሁ ጋር አስተያዩ። ቀኑ በኛ ታኅሣሥ 23 መሆኑ ነው፤ አንዳንድ ዓመት 22። በስልኩ ሒሳብ ጀዲ ይባላል። እንግዲያው ከደቡብ ሱዳን የመጣው ረጅሙ ጎልማሳ፣ ከሶማሊያ የመጡት እናት፣ እኛ ሰፈር በር ላይ ተቀምጠው የሚቆዝሙት ጋሼ ሁሉም በአንድ ኮከብ የተወለዱ ናቸው፤ ሁሉም ታታሪ፣ ሁሉም ግትር፣ ሁሉም ገንዘብ ቋጣሪ። እናቱ «ጤፍ ሲታጨድ ወለድኩህ» ያለችው ሰውስ ሰዓቱን ከየት ያምጣ? ቢያውቀውም እንኳ ሌሊት 8 ሰዓት ያለችው በኛ አቆጣጠር ነው፤ ስልኩ ከሰዓት በፊት ይሁን በኋላ አያውቅ፣ 6 ሰዓት ያዛንፈዋል። ባለስልኩ ይህን ሳያስተካክል «ጨረቃህ እዚህ ቤት ገብታለች» ይለዋል። ሰማዩም ቢሆን ቆሞ አልጠበቃችሁም። የምድር ዛቢያ 26,000 ዓመት ገደማ በሚፈጅ ዙር ቀስ እያለ ስለሚዞር፣ በጥንቱ መጽሐፍ ሐመል የተባለው የዘመን ክፍል ዛሬ ከሐመል ከዋክብት ጋር አይገጥምም፤ አንድ ቤት ያህል ተንሸራቷል።

«ሊቆቹ ግን ያውቃሉ» ለሚል፣ ሊቆቹም ተፈትነዋል። እ.ኤ.አ. በ1985 ሾን ካርልሰን የሚባል የፊዚክስ ሰው ኔቸር በተባለው የሳይንስ መጽሔት ላይ ውጤቱን አውጥቷል። በሙያቸው የታወቁ ኮከብ ቆጣሪዎች የአንድን ሰው የልደት ሰማይ ይዘው፣ ከቀረቡላቸው ሦስት የጠባይ መግለጫዎች የሰውየውን እንዲለዩ ተጠየቁ። ከሦስት አንድ ጊዜ ያህል አገኙ። ዓይኑን ጨፍኖ ጣቱን የሚያሳርፍ ሕፃንም ከሦስት አንዱን ያገኛል።

እዚህ ላይ «ኋላ ቀርነት ነው» ብለው ነገሩን በአንድ ቃል የሚዘጉ አንባቢዎች አሉ። ከእነርሱም ጋር አልስማማም። የአሜሪካው ፕሬዚዳንት የሬጋን ባለቤት የባላቸውን የጉዞና የስብሰባ ቀን ኮከብ ቆጣሪ እየጠየቁ ያስወስኑ እንደነበር እ.ኤ.አ. በ1988 በገሃድ ወጥቷል። የአገሩ ባለቤቶች ቱርካናዎችም ኤሙሮን የሚሉት አዋቂ አላቸው፤ የታረደ ፍየል አንጀት ያነባል። እኛም አገር ሞራ ገላጭ ነበረን። ቢያንስ እነዚያ ጋ ንባቡ ሲያልቅ ሥጋው ይበላል። ሰው የነገውን ማወቅ የሚፈልገው ያልተማረ ስለሆነ አይደለም፤ ነገ በሌላ ሰው እጅ ውስጥ ሲሆን ነው። በዚህ ከሆነ ከኛ የበለጠ ማን አለ?

አሁን ወደ ካርታው እንምጣ፤ ጽሑፉን ያስጻፈኝም እሱ ነው። ታሮት የሚባለው 78 ካርታ ነው። «ከጥንት ግብፅ የወረደ ምሥጢር ነው» እያላችሁ ስትዘረጉት ሰምቻለሁ። አይደለም። ከ1400 ዓመተ ምሕረት በኋላ፣ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምለው፣ ሰሜን ኢጣሊያ ውስጥ መኳንንት ጊዜ ይገድሉበት የነበረ የካርታ ጨዋታ ነው። የግብፁን ተረት እ.ኤ.አ. በ1781 ያመጣው ኩር ደ ዤብላን የሚባል ፈረንሳዊ ነው። የግብፅን የጥንት ጽሕፈት ሻምፖሊዮን የፈታው ደግሞ በ1822 ነው፤ ስለዚህ ሰውየው «ከግብፅ ነው» ሲል አንዲት የግብፅ ፊደል ማንበብ የሚችል ሰው በዓለም ላይ አልነበረም። በስልካችሁ የምታዩአቸው ሥዕሎች ከዚያም ያነሱ ናቸው። ፓሜላ ኮልማን ስሚዝ የምትባል ሠዓሊ ለንደን ላይ ሣለቻቸው፤ በ1909 ታተሙ። እሷም በጥቂት ገንዘብ ሠርታ፣ በ1951 ዕዳ ጥላ ሞተች። የራሷን ነገ ከራሷ ካርታ አላነበበችም።

ከነዚህ ሥዕሎች አንዱ ባለ ስድስት ሰይፉ ነው። ጀልባ አለ። አንድ ሰው በረጅም እንጨት ይገፋዋል። ከፊቱ የተከናነበች ሴትና አንድ ልጅ ጀርባቸውን ሰጥተው ተቀምጠዋል። ስድስት ሰይፍ ጀልባው ላይ ተተክሏል። መጽሐፉ «በውሃ የሚደረግ ጉዞ» ይለዋል። ለንደን ሻይ እየጠጣ ለሚዘረጋው ሰው ይህ ወንዝ ዳር መናፈስ ሊሆን ይችላል። እኛ ጋ ግን ውሃ አንድ ነው፤ በጁባም ተሄደ በካርቱም መጨረሻው ሊቢያ ነው፣ ከሊቢያ ወዲያ ያለውን የማያውቅ የለም። እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 3 ቀን 2013 ላምፔዱሳ ደሴት አጠገብ ከ360 በላይ ሰዎች ባንድ ጀልባ አልቀዋል፤ የሚበዙት ኤርትራውያን ወንድሞቻችንና እህቶቻችን ነበሩ።

ይህች ካርታ ለአንዲት ልጅ ወጣችላት። ራሽኑ ከተቀነሰ በኋላ ነው። አጎቷ ከላከላት ጥቂት ገንዘብ ጋር «ልቆይ ወይስ ልሂድ» እያለች ሦስት ሳምንት ስትዋልል ከረመች፤ ጓደኞቿ «ቆይ» ሲሏት ታዳምጥ ነበር። «በውሃ ላይ መንገድ አለሽ፤ ልጅ እንደምታቅፊ ሆነሽ በሰላም ትሻገሪያለሽ» ተባለች። ለጨዋታ ነበር። ዘርጊዋ እስካሁን ድረስ እንዲሁ ነው የምትለው፤ እኔም አምናታለሁ። ልጅቱ በሳምንቱ ሄደች። ስልኳ ከተዘጋ አራት ወር ሆነው። በሕይወት ያቆያት፤ ያለችበትን የሚያውቅ የለም። ካርታ ዘርጊዋ ዛሬም ትዘረጋለች፤ ነገር ግን ያቺን ካርታ ከመካከል አውጥታ ጥላታለች ይባላል። አሁን 77 ናቸው። እንግዲህ እጠይቃለሁ፤ ካርታው እውነት የሚናገር ከሆነ ለምን ወጣ? ጨዋታ ከሆነስ ለምን ወጣ?

ከመልሶቻችሁ ሁሉ ጠንካራው ተስፋ እንሰጣለን የምትሉት ነው። አውቃለሁ፤ በቀላሉ የሚጣል ነገር አይደለም። በዚህ ካምፕ አንዲትን ሴት ለአንድ ሰዓት ፊቷን እያየ፣ ሳያቋርጥ፣ «ቀጣይ!» ብሎ ሳይጠራ የሚሰማት ማነው? ክሊኒኩ አምስት ደቂቃ፣ ቢሮው በመስኮት በኩል። እናንተ ግን ከሰሉ እስኪከስም ትሰሟታላችሁ። ይህ ትልቅ ነገር ነው፤ ከናንተ በቀር የሚሠራውም የለም። ግን የጠቀማት መስማታችሁ ነው እንጂ ስኒው አይደለም። ስኒውን አጥባችሁ አስቀምጡትና እንዲሁ ስሟት፤ አንድም ነገር አይጎድልባትም። የሚጎድለው ለናንተ ነው፤ «አዋቂ» መባሉ።

ተስፋ ብላችሁ የምትሰጡት ደግሞ ቀን ነው። «ከፋሲካ በፊት ትወጪያለሽ።» ቀን ተስፋ አይደለም፤ ቀን ውል ነው፤ የሚፈርምበት ሰው ሳይኖር የተገባ ውል። ጥር 12 ቀን 2017 ዓ.ም. ፕሬዚዳንት ትራምፕ በተሾሙበት ዕለት የአሜሪካን የስደተኞች ቅበላ በአንድ ፊርማ አስቆሙት። ሜዲካሉን የጨረሰ፣ ትኬት የተቆረጠለት፣ ፍራሽና ድስቱን የሸጠ ሰው ሻንጣውን ይዞ ቀረ። በዚያ ወር በየብሎኩ ስንት ስኒ ተገልብጧል! መንገድ ያላየ ስኒ አልነበረም። ያንን ፊርማ ያየ አንድ ስኒ፣ አንድ ካርታ፣ አንድ ኮከብ ካለ ይውጣና ይመስክር። ከዚያም በኋላ ምን ሆነ? ስኒው ተሳሳተ ያለ ሰው አልሰማሁም። «ዓይን በላሽ» ተባለ። የዋሽንግተን ውሳኔ በጎረቤት ዓይን ተሳበበ።

ዋናው ቅሬታዬ ይኸውላችሁ። «መቼ ነው የምሄደው?» የሚለው ጥያቄ አድራሻ አለው። ፋይል ቁጥር አለው፤ ፋይሉ በሰው እጅ ውስጥ ነው፤ ያ ሰው ደመወዝ የሚበላው ለዚህ ነው። ጥያቄው መራር ነው፤ ሰውን ከፍራሹ አስነስቶ ማመልከቻ የሚያስጽፍ፣ ሰልፍ የሚያስይዝ፣ «ጉዳዬ የት ደረሰ» ብሎ ሦስቴ የሚያስጠይቅ ምሬት አለበት። እናንተ ያን ምሬት በአንድ ስኒ ቡና ታጠጡለታላችሁ። «ከፋሲካ በፊት» የተባለ ሰው ለምን ያመለክታል? ይጠብቃል። አንድ አባወራ «ይህ ወር ለኮከብህ አይሆንም» ስለተባለ የሜዲካል ቀጠሮውን አሳለፈ፤ ሜዲካል ደግሞ ጊዜው ሲያልፍ ከሥር ይጀመራል። የቤተሰቡ ፋይል በሙሉ አብሮት ቆመ። ኮከብ ቆጣሪው ለጨዋታ ነበር። ቢሮውም አልተጠየቀም፤ ማን ይጠይቀው? ጥፋቱ የኮከብ ሆነ።

እንግዲህ ክርክሩ በወሬ እንዳይቀር አንድ ሐሳብ አቀርባለሁ። ይህን ጽሑፍ በእጃቸው የሚገለብጡልን ልጆች ባዶ ደብተር አዘጋጅተዋል። ስኒ ያየ፣ ካርታ የዘረጋ፣ ኮከብ የቆጠረ ሁሉ ያየውን እዚያ ላይ ያስፍር፤ ለማን፣ ምን፣ በየትኛው ቀን። ስም መጻፍ የማይፈልግ ምልክት ያድርግ። «መንገድ አያለሁ» አይበቃም፤ መንገዱ ወዴት፣ መቼ። ደብተሩ በሻማ ታሽጎ ከሁለቱም ወገን በተመረጡ ሦስት ሽማግሌዎች እጅ ይቀመጥና መስከረም 1 ቀን፣ እንቁጣጣሽ ቡና ላይ፣ ሁላችን ባለንበት ይከፈት። የደረሰው ይቆጠር፤ ያልደረሰውም ይቆጠር። ከሦስት አንዱን ብቻ እንኳ ካገኛችሁ በሚቀጥለው እትም በራሴ እጅ አወጣዋለሁ።

ደብተሩ ከቤተ መጻሕፍቱ ቀጥሎ ካለው ቡና ቤት ነው። እስክሪብቶ ታስሮበታል። እስከዚህ ሳምንት ድረስ የመጀመሪያው ገጽ ባዶ ነው።